ከደጅ መውጣት ሲያስፈራ፦ መድኃኒትና ተወኩል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ በየቤቱ ተደብቆ ስለሚኖር አንድ ሕመም እንነጋገራለን። ሰውየው ሲያዩት ጤነኛ ነው። ነገር ግን ገበያ መሐል፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ሰው በሞላበት መስጂድ ሳለ በድንገት ልቡ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያልበዋል፤ «መሞቴ ነው» ይላል። ያ ስሜት እንዳይመለስበትም ቦታዎቹን ይሸሻል። መጀመሪያ ታክሲ ይቀራል፣ ቀጥሎ ጁሙዓ፣ በመጨረሻም ከደጅ መውጣት። ሐኪሞች አጎራፎቢያ ይሉታል።

ቤተሰብ ግን «ኢማኑ ደክሞ ነው» ይላል። ወንድሞችና እህቶች! ሕመም የኢማን መለኪያ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ850 እስከ 934 የኖሩት ዓሊም አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ፍርሃትና ሐዘን እንደሚታከሙ አስተምረዋል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስሮ እንዲመካ ነግረውታል። መድኃኒት መውሰድም ግመልን ማሰር ነው።

ሐኪሙ የልብና የእንቅርት ችግር አለመኖሩን ካጣራ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንደ ሰርትራሊን ያለ የድብርት መድኃኒት ነው። «ድብርት የለብኝም» ብላችሁ አትመልሱት፤ ፍርሃትንም ያክማል። ፈተናው መጀመሪያው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም የጭንቀት መባስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ይጀመራል። ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ጎዳኝ እንጂ አልጠቀመኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ሊሻለው ሲል ያቋርጣል። እዚህ ላይ ሰብር ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር።

ከተሻለ በኋላም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። በረመዷን፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ፣ ሐኪሙን ጠይቆ ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻላል።

መድኃኒቱ ፍርሃቱን ያበርዳል፤ እግርን ግን ማለማመድ ያስፈልጋል። ዛሬ እስከ አጥር በር፣ ከቀናት በኋላ እስከ ሱቅ፣ ከዚያም ሰው በሚያንስበት ሰላት መስጂድ በር አጠገብ። ፍርሃቱ ሲመጣ ሮጦ ከመመለስ እስኪበርድ መቆየት ይበጃል። ጫት መተው፣ ቡናም መቀነስ ይረዳል። ቤተሰብ አብሮ ይሂድ፤ አይሳቅ፣ አይቆጣ። ዱዓእና ሩቅያ ይቀጥሉ፤ «መድኃኒቱን ጣሉ» የሚላችሁን ግን አትስሙ።

አላህ (ሱ.ወ) በሽተኞቻችንን ያሽርልን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።