ጅራፍ ፍርድ አይሆንም
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ በኮላ ድባ ከተማ ለመራጮች ያቀረቡት ንግግር)

ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሥራ አጥነት ያለን አቋም በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ገጾች ላይ ሰፍሯል። ዛሬ የምንናገረው በየደረስንበት ከተማ ሕዝቡ ስላቀረበልን አንድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ሌባ ሱቅ ሰብሮ ይገባል። የከብት ሌባ የድሃውን ገበሬ ጥማድ በሬ ነድቶ ይሄዳል። አጋች የሰው ልጅ ወስዶ ብር ይጠይቃል። ቢያዝም በሳምንቱ ተፈትቶ በገበያ ሲንጎራደድ እናየዋለን። ቢታሰርም መንግሥት ይቀልበዋል። ታዲያ ለምን በአደባባይ አይገረፍም?» በ2016 ዓ.ም. በክልላችን በሕፃናት ላይ የተፈጸሙ አሰቃቂ ወንጀሎች በተሰሙ ጊዜም ቅጣቱ ይክበድ የሚለው ጩኸት በመላ አገሪቱ አስተጋብቶ ነበር።

ይህን የሚጠይቁን ወገኖች የተዘረፉ፣ ደጅ ጠንተው ሰሚ ያጡ ናቸው። ቁጣቸው ቁጣችን ነው። መልሳችን ግን ግልጽ ነው። መንግሥት ወንጀለኛን ይያዝ፣ ለፍርድ ያቅርብ፣ ይሰር፣ ካሳ ያስከፍል። በሰው ገላ ላይ ግን ጅራፍ አያንሳ። ምክንያታችንን በዝርዝር እናስረዳለን።

ግርፋት በሕጋችን ታሪክ

ግርፋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ግርፋትንም አካል መቁረጥንም ያውቃል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግርፋትን አላስቀረም። በ1949 ዓ.ም. የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት ዘመናዊ ሕግ ሲታወጅም ግርፋት በአንቀጽ 120 ሀ ሥር ገባ። ቁጥሩ ፊደል ተቀጥሎለት በአንቀጾች መካከል መሰካቱ ኋላ የተጨመረ መሆኑን ይናገራል። ድንጋጌው ለአንዳንድ ከባድ የስርቆትና የዘረፋ ወንጀሎች የታሰበ ነበር።

ያ ሕግ ከ1950 እስከ 1997 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። በዚያ ሁሉ ዘመን የከብት ሌባ ከደምቢያ ሜዳ ጠፍቶ ነበርን? ሽፍታ ከጎንደር ዱር ወጥቶ ነበርን? አባቶቻችን መልሱን ያውቁታል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግርፋትን ከቅጣቶች ዝርዝር አስወግዷል። ከዚያም በፊት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ጭካኔ ከተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ከሆነና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝና ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ግርፋት ይመለስ ማለት ሕገ መንግሥቱንም የገባነውን ቃል ኪዳንም አፍርሱ ማለት ነው።

ጅራፍ ወንጀልን ይገታልን?

«ሕጉ ይቅር፣ ሌባውን ካስቆመ ይበቃናል» የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱም መልስ አለን። እንግሊዞች ሌባን በመግረፍ የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ የተገረፉና ያልተገረፉ ዘራፊዎችን የኋላ ታሪክ አነጻጽሮ ግርፋት ከወንጀል እንደሚያርቅ ማስረጃ አላገኘም። የተገረፉት እንዲያውም በመጠኑ ብሰው ተገኙ። በዚህም መነሻ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1948 የግርፋትን ፍርድ ከሕጓ አወጣች። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣት ጥፋተኞችን መግረፍ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይሄድ ወስኗል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ታሪክ እንይ። ዐፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ የተነሱ፣ ከዚሁ ከጎንደር ምድር የበቀሉ ታላቅ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው ማብቂያ ግን የሸፈተውን እጅና እግር በማስቆረጥ አገር ለማስገዛት ሞከሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ጭካኔው ሽፍትነቱን አላጠፋውም፤ አበዛው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲቆሙ አብሯቸው የነበረው ሠራዊት ከቀድሞው ጥቂቱ ነበር። ለቴዎድሮስ ያልሠራ ጭካኔ ለማን ይሠራል?

በጅራፉ ሥር የሚወድቀው ማን ነው?

በሕግ ሙያችን የምንመሰክረው አንድ እውነት አለ። ወንጀለኛ በዋናነት የሚፈራው እያዛለሁ ብሎ ሲሰጋ ነው። አልያዝም ብሎ የሚተማመን ሌባ ቅጣቱ ጅራፍ ሆነ እስራት አያስጨንቀውም። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ማን ሰረቀ?» የሚለው ነው።

ጥንት ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው ንብረቱን አጣ! ዛሬ ልጁና መድኃኒቱ ቀርተዋል፤ ያለ ማስረጃ ጣት መቀሰር ግን አልቀረም። በስህተት የታሰረ ሰው ይፈታል፣ ይካሳል። በስህተት የተገረፈ ሰው ጀርባ ላይ ያረፈውን ጅራፍ ማን መልሶ ያነሳዋል?

የሚገረፈውም አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ የሌለው ድሃ ነው። ጎረቤታችንን ሱዳንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ካርቱም ውስጥ ወንዝ ዳር ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ተይዘው በአደባባይ ተገረፉ። ጥፋታቸው ምን ቢባል፣ ወንድና ሴት አብረው መጨፈራቸውና አለባበሳቸው! የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ቅጣት የአፍሪካን ቻርተር አንቀጽ 5 ይጥሳል ሲል ወስኗል። ለሌባ የተገዛ ጅራፍ ለሌባ ብቻ ተብሎ አይቀመጥም። ዛሬ ለከብት ሌባ፣ ነገ ግብር ላላሟላ ነጋዴ፣ ከነገ ወዲያ ተቃዋሚ ለመረጠ ሰው ይነሳል።

ጅራፉ ከሕግ ወጣ፣ ከጣቢያ ግን አልወጣም

ጎንደር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በደርግ ዘመን፣ በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር፣ የዚህ ምድር ልጆች ያለ ፍርድ አልቀዋል። «ወፌ ላላ» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ያላነበቡ አባቶች በውስጥ እግራቸው ያውቁታል። ደርግ ወደቀ፣ ግርፋቱ ግን በማዕከላዊ ቀጠለ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እስረኞች ይገረፉ እንደነበር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት አመኑ። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ተዘጋ፤ እኛም ደስ አለን። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው ሪፖርቶችም በፖሊስ ጣቢያዎች የሚፈጸም ድብደባን መዝግቧል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» እንደሚባለው፣ የሚደበድበውም ስለ ሰብአዊ መብት የሚሰብከውም ያው መንግሥት ሆኗል።

እናንተን ያስመረረው የሌባ መፈታትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መርማሪው አሻራ ማንሻ፣ ተሽከርካሪ፣ በቂ ሥልጠና የለውም። ስለዚህ የእምነት ቃል በጥፊ ይፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ግን በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» እያለ የ14 ቀን ቀጠሮ በ14 ቀን ላይ ይደራርባል። መጨረሻ ላይ ማስረጃ ስለሌለ እውነተኛውም ሌባ ይወጣል። ንጹሑ ተደብድቦ፣ ሌባው ተፈትቶ፣ ተበዳዩ ባዶ እጁን ይቀራል። ጥፋቱን ሁሉ በተራው ፖሊስ ላይ አንጭንም፤ ባዶ እጁን ልኮ ውጤት አምጣ የሚለው አለቃ ይጠየቃል።

ፓርቲያችን ቢመረጥ ምን ይሠራል?

አንደኛ፣ ግርፋትም ሆነ ማናቸውም የአካል ቅጣት ወደ ሕጋችን እንዳይመለስ በምክር ቤት ጸንተን እንታገላለን።

ሁለተኛ፣ ተጠርጣሪን ማሰቃየት በተቀበልነው ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉም ልክ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እንዲደነገግ እናደርጋለን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ዛሬም ተጠርጣሪን በጭካኔ የሚይዝን ሹም እስከ 10 ዓመት፣ ያዘዘውን አለቃ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ አንቀጽ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሥራ ላይ ይውላል።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ የተያዘው ሰው የገባበት ሰዓትና የያዘው ፖሊስ ስም ይመዘገባል። ሰውየው ሲገባና ሲወጣ በሐኪም ይታያል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ቤተሰብ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲያቀርብ ነጻ የሕግ ድጋፍ ያገኛል።

አራተኛ፣ የወረዳ መርማሪዎች በማስረጃ አሰባሰብ ይሠለጥናሉ፤ መሣሪያም ይሟላላቸዋል።

አምስተኛ፣ የተዘረፈ ሰው ካሳውን በዚያው በወንጀሉ ችሎት እንዲያገኝ እናደርጋለን። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ይህን ይፈቅዳል፤ ሕዝቡ ግን መብቱን አያውቅም። የበሬው ባለቤት ከሌባው ለቅሶ ይልቅ የበሬውን ዋጋ ይፈልጋል።

ስድስተኛ፣ አነስተኛ ጉዳዮች ተበዳዩ በፈቀደ ጊዜ በሽማግሌ ዕርቅ ይታያሉ። እገታና አስገድዶ መድፈር ግን በምንም ምክንያት በዕርቅ አይዳፈኑም።

ይህ ሁሉ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል። ጅራፍ ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ገበያ ይሰበስባል፤ በማግስቱ ግን ሌባው በስፍራው አለ። እኛ የአንድ ቀን እርካታ ልንሸጥላችሁ አልመጣንም።

የተከበራችሁ ወገኖች፣

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለዋል። በዚህ አገር ዱላ ያነሳ ሰው እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስባል። መንግሥትም «በሕግ አምላክ» ሲባል እጁን የሚሰበስብ መሆን አለበት። ሌባውም መርማሪውም ሹሙም የሚቆሙለትን ሕግ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በምርጫው ቀን በማለዳ ወጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡን።