በነነ ወይስ ተበላ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1979 በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ግዛት፣ በቤሚጂ ከተማ አቅራቢያ የድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ፈነዳ። 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ መሬት ላይ ፈሰሰ። አብዛኛው ተነሥቶ ተወገደ፤ ወደ 400 ሺህ ሊትር የሚጠጋው ግን አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ቀረ።

ይህን ቅሪት የሚበላው አለ፤ ባክቴሪያ።

የአፈር ባክቴሪያዎች ነዳጁን እየሰባበሩ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ኦክስጅን በሌለበት ደግሞ ወደ ሚቴን ጭምር ይለውጡታል። ምን ያህሉን እንደበሉ ታዲያ በምን ይታወቃል? አፈር ቆፍሮ የቀረውን ነዳጅ መለካት ብቻውን ያሳስታል፤ ነዳጅ ይተናል፣ ውኃም ያጥበዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች በነዳጁ ውስጥ ያሉ ሁለት ውህዶችን ያነጻጽራሉ፤ ሄፕታዴኬንንና ፕሪስቴንን። የትነት ጠባያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ሄፕታዴኬንን ያስቀድማል። እሱ ቀድሞ ከተመናመነ ነዳጁ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የጋዙ ምርመራ ነው። መሬት ላይ በሚደፋ ክዳን መሰል መሣሪያ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። የሣር ሥርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። የሁለቱን ምንጭ የሚለየው ካርቦን 14 ነው፤ ሕያው ተክል አለው፣ ሚሊዮን ዓመታት ከምድር በታች የቆየ ነዳጅ ግን ጨርሶ የለውም።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ቤሚጂን ከ1983 ጀምሮ ሲያጠና ቆይቷል። ከ40 ዓመት በኋላም ነዳጁ ተበልቶ አላለቀም።