የሕፃኑ የመጀመሪያ ሐቅ



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን ሐቁን በአንደበቱ መጠየቅ ስለማይችል የቤታችን እንግዳ ነው፤ አዲስ ስለተወለደ ሕፃን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ፣ ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን ነግሮናል። በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ግዴታ አድርጓል። ቀደም ብሎ ጡት ማስጣልም በሁለቱ ምክክርና ስምምነት እንዲሆን አዟል። እንግዲያው ማጥባት የሴቶች ጓዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አባትም አላህ ፊት የሚጠየቅበት አማና ነው።

በየሰፈራችን ግን ምን ይደረጋል? ሕፃኑ እንደተወለደ ለጋ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ያቀምሱታል። እንገሩን ደግሞ «ሆዱን ያመዋል» ብለው አልበው ይደፉታል። አያቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለልጁ ክፉ አስበው አይደለም። ሆኖም ይህ ልማድ እንጂ ዲን አይደለም። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት በሽታን የሚከላከሉ ነገሮች የበዙበት በመሆኑ ሐኪሞች የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ይሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ውሃ እንኳ ሳይጨመር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። በቆላ አገር ላለ ሕፃንም ቢሆን በጡት ወተት ውስጥ ያለው ውሃ ይበቃዋል። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ውሃና ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል። ሆዱ በሌላ ነገር ሲሞላም መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡት ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ እየነጠፈ ይሄዳል።

«ተህኒክስ?» ትሉ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ተምር አኝከው በአፉ እንዳደረጉለት በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ተህኒክ ላንቃን በጥቂቱ ማስነካት እንጂ መመገብ አይደለም፤ ለቅቤና ለስኳር ውሃ ማስረጃ አይሆንም። «ሸኹ እስኪመጡ» ተብሎም ሕፃኑ ከጡት አይከልከል። የሚያደርገው ሰው ጤነኛና እጁን የታጠበ ይሁን። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ከታመመ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። በተምር ፈንታ ማር የምታቀምሱ ግን ተጠንቀቁ፤ 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጥቂት ማር እንኳ ለከባድ መመረዝ ሊዳርገው ስለሚችል አይሰጥም።

አባቶች ሆይ! አራሷን አብሏት፣ አሳርፏት፣ ሸክሟን ተሸከሙላት። በረመዷን ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓችን ፈቅዶላታል፤ አታስጨንቋት። ማጥባት ያቃታት እህትም አትወቀስ፤ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዷት። አላህ በዚያው አንቀጽ ሌላ አጥቢ መቅጠርን እንኳ ፈቅዷል።

አላህ ልጆቻችንን ጤነኞችና ሷሊሖች ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።