የሐኪሙ ውሳኔና የሕዝቡ ድርሻ



የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ በየሆስፒታሉ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ይሰማል፦ «እኛ ቀድመን መጥተን ሳለ ከኋላችን የመጣው ስለ ምን ቀድሞ ገባ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ያሻዋል።

በወላይታ ሶዶ ከተማ የሚገኘውና ሕዝቡ ኦቶና ብሎ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከቢጠና፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሁምቦ የሚመጡ ሕሙማንን ይቀበላል። ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ምጥ አይዘገይም፤ የመኪና አደጋ አይቆምም፤ በቆላው ወባ አይጠፋም። ለሁሉም ያለው አልጋ፣ ነርስና ኦክስጅን ግን ያው ነው። 7,000 ሊትር ያህል የሚይዝ አንድ ትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚያስፈልገው አንድ ሕመምተኛ 12 ሰዓት እንኳ አይዘልቅም።

ስለዚህ ሐኪሙ የሚያስቀድመው ሕክምናው ቢዘገይበት ሕይወቱ ለአደጋ የሚጋለጠውን ነው። በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ የኦክስጅን መጠኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደ ሰው፣ ሳል ብቻ ካለበት ሰው ይቀድማል። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፤ ሕመሙ ቀላል የሆነ ሰው በቤቱ ተለይቶ ራሱን እንዲያስታምም ይመከራል። ሀብት፣ ዝምድና፣ ብሔርና ሃይማኖት በዚህ ሚዛን ቦታ የላቸውም።

ጫና ሲበዛ ሐኪሙም ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። በመሆኑም ከባድ ውሳኔ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ባልደረቦች ሊመክሩበት ይገባል። የሕመምተኛው ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና ሊታይ፣ ምክንያቱም ለቤተሰብ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ቤተሰብም በትሕትና የመጠየቅ መብት አለው።

የሕዝቡ ድርሻ ከሆስፒታሉ ደጃፍ አስቀድሞ ይጀምራል። በገበያ፣ በለቅሶ ቤትና በጊፋታ በዓል አፍንጫና አፉን በጭምብል የሸፈነ፣ እጁን የታጠበና ርቀቱን የጠበቀ ሰው ለማያውቀው ወገኑ አልጋ አቆየለት ማለት ነው። ትኩሳት ወይም ሳል የጀመረው ከሰው ተለይቶ በ8335 ይደውል፤ ትኩሳት ወባም ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይቆይ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ የሚያመው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።