በበጎ ፈቃድ ስለሚደረግ የአዕዋፍ ቆጠራ



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የወንዙን ውኃ ልክ ሲጠይቅ የአንድ ቀን ልኬት አይበቃውም። የሚሻው በአንድ ሥፍራና በአንድ ዓይነት መለኪያ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ የተመዘገበውን ነው። የአዕዋፍ ቆጠራም በጠባዩ ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ መዝጋቢዎቹ በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው የመራቢያ ወራት ቆጠራ ነው። መሥራቹ ቻንድለር ሮቢንስ የተባለ የአዕዋፍ ተመራማሪ ሲሆን፣ መነሻውም አንዲት ሴት የጻፈችለት ደብዳቤ ነበር። ሴትዮዋ በምትኖርበት አካባቢ ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ወፎችን ሲገድል አይታ፣ በአህጉሩ ሁሉ የወፎቹ ቁጥር እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀች። መልስ የሚሰጥ መዝገብ ግን አልነበረም።

ሮቢንስ ያወጣው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ቆጣሪ በተወሰነለት 39 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ በየ800 ሜትሩ እየቆመ 50 ጊዜ ይቆጥራል። በየማቆሚያው የሚፈቀድለት 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ድምፃቸው የተሰማውን ሁሉ፣ በ400 ሜትር ውስጥ የታዩትንም ይመዘግባል። ከዚያ ርቆ በዝምታ የተቀመጠ ውብ ወፍ ቢያይ አይጽፈውም፤ ወፍ ወዳድ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም! በዓመቱም ወደዚያው መንገድና ወደዚያው ማቆሚያ ይመለሳል።

ይህ ልኬት እንከን የለበትም ማለት አይቻልም። የአንዱ ጆሮ ከሌላው ይሻላል፤ አዲስ ቆጣሪም በመጀመሪያው ዓመት አነስ ያለ ቁጥር የማስመዝገብ ዝንባሌ አለው። ስለሆነም ሒሳቡን የሚሠሩት ሊቃውንት የቆጣሪውን መለወጥ፣ መሐንዲስ የመሣሪያን መለወጥ እንደሚቆጥር አድርገው ያርሙታል። ውጤቱም የወፎቹን ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን የመጨመራቸውንና የመቀነሳቸውን አቅጣጫ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህንንና መሰል ቆጠራዎችን መሠረት አድርጎ፣ በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 ወዲህ 2.9 ቢሊዮን ያህል አዕዋፍ መጉደላቸውን አስረዳ፤ ይኸውም 29 ከመቶ ነው። ከጎደሉትም ብዙዎቹ ማንም ልብ የማይላቸው ተራ ወፎች ናቸው።

በዚያው በ1966 በኢትዮጵያም የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ ደግሞ በ1967 ተጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ይካሄዳል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም የሚቆጠርባቸው ሥፍራዎች ናቸው።

ጉዳዩ መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አጠገቡ ባለው በአብያታ ነበር። ወደ አብያታ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ በመጠለፉና ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት በመሳቡ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሣውም ጠፋ። ፔሊካኖቹ ምግባቸውን ርቀው ለመፈለግ ተገደዱ። ቦዩንም ፓምፑንም የነደፉት የሙያው ሰዎች ናቸው፤ በንድፋቸው ሊትሩ በሰከንድ ተሰልቷል፤ ወፉ ግን አልተሰላም።

በዝዋይ፣ በሐዋሳና በአካባቢያቸው በሥራ ላይ ያሉ የማኅበሩ አባላት ለዚህ ቆጠራ ማለዳቸውን ቢሰጡ፣ የሚያስፈልጋቸው መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና አብሮ የሚጽፍ አንድ ጓደኛ ነው። ብዛት ያለው መንጋ ሲያጋጥም በመጀመሪያ አሥሩን ለይቶ መቁጠር፣ ከዚያም የአሥሩን ስፋት በዓይን እየለኩ በመንጋው ላይ ማሳለፍ ይለመዳል። ባዶ የተገኘ ዳርቻም «ምንም የለም» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው።