‹ካፌ› እና ካፋ፦ ስለ አንድ ቃል አመጣጥና ትርጉም



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው። ከመናኸሪያ እስከ ፈረንጅ አራዳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ‹ካፌ› የሚለውን ቃል በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበዋል፤ አጋሮም፣ ሊሙ ገነትም፣ ቦንጋም ቢሄድ ያው ነው። የእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል መሆኑን ይነግሩናል። እኛ ዘንድ ግን ሌላ ታሪክ አለው፦ ቃሉ የተወለደው እዚሁ ካፋ ነው፤ በዐረቦች፣ በቱርኮችና በፈረንሳዮች አፍ ዞሮ ዞሮ ‹ካፌ› ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ ይባላል። ይህን አባባል በቱሪስት መምሪያዎች ላይ፣ በተፈጨ ቡና ማሸጊያዎች ላይ፣ ከዚያም አልፎ በመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ አነበዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንጭ አልተጠቀሰለትም። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ተክሉ የዚህ ምድር ነው፤ ቃሉ ግን አይደለም።

ቃሉን ከዛሬው ቅርጹ ተነሥተን ወደ ኋላ እንከተለው። እንግሊዝኛ ይህን ስም የወሰደው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ‹ኮፊ› ብሎ ወሰደው፤ ይህ ከቱርክኛው ‹ካህቬ›፣ በሆላንድኛው ‹ኮፊ› በኩል የመጣና መጠጡን የሚጠራ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ፣ ያንኑ ስም በሌላ በር አስገባው፤ ‹ካፌ›ን ከፈረንሳይኛ። በፈረንሳይኛ ‹ካፌ› መጠጡም ነው፣ መጠጡ የሚሸጥበትም ቤት ነው። እንግሊዝኛ ግን ለመጠጡ ቃል ስለ ነበረው ቤቱን ብቻ ወሰደ። ‹የቡና ቤት› የሚል የራሱ ስያሜ አልነበረውምን? ነበረው፤ ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1650፣ ለንደን ደግሞ በ1652 የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች አይተዋል። ነገር ግን እነዚያ ቤቶች የወንዶች መሰብሰቢያ፣ የነጋዴዎችና የጋዜጣ አንባቢዎች ሸንጎ ነበሩ፤ ዘመናቸውም እያለፈ ሄደ። አዲሱ ቃል የፓሪስን ጠባይ ይዞ መጣ። በፓሪስ ሲሲሊያዊው ፕሮኮፒዮ እ.ኤ.አ. በ1686 የከፈተው ዓይነት፣ መስታወትና የእብነ በረድ ጠረጴዛ ያለው ቤት በሰው አእምሮ ውስጥ ከቃሉ ጋር ተቆራኝቶ ነበር። ስለዚህ ቃሉ የተፈለገው ለነገሩ ሳይሆን ለማዕርጉ ነው ብዬ አምናለሁ። እድሉ ግን ያስቃል፤ በኋላ በብሪታንያ ‹ካፌ› አልኮል የማይሸጥበት፣ ሠራተኛው እንቁላልና ሻይ የሚያዝበት ርካሽ ምግብ ቤት መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

ፈረንሳይኛው ከቱርክኛውና ከጣልያንኛው፣ ቱርክኛው ደግሞ ከዐረብኛው ‹ቀህዋ› መጣ። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅርጾቹን በተርታ እንስማቸው፦ ቀህዋ፣ ካህቬ፣ ካፌ። ዐረብኛው ‹ው› ይላል፤ ቱርክኛው ‹ው›ን ‹ቭ› አደረገው፤ ‹ፍ› የመጣችው አውሮፓ ከደረሰ በኋላ ነው። ‹ካፋ› እና ‹ካፌ› የሚመሳሰሉት በዚህች ‹ፍ› ምክንያት ነው። ‹ካፋ› ምንጭ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ይበልጥ ሊመስለው የሚገባው የመጀመሪያው ተቀባይ ዐረብኛው ነበር። የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጎረቤቱ ዐረብኛ ከሁሉ የራቀ፣ ሩቁ ፈረንሳይኛ ከሁሉ የቀረበ ሆኗል። ዐረብኛ ‹ክ›ም ‹ፍ›ም ያለው ቋንቋ ነው፤ ‹ካፋ› ብሎ ለመጥራት አንዳች የሚያግደው ነገር አልነበረም። ‹ክ›ን ‹ቅ› አድርጎ፣ ‹ፍ›ን ወደ ‹ህው› ለውጦ የሚበደርበት ምክንያት ሊቀርብልን ይገባል፤ እስካሁን ያቀረበልን የለም።

ከድምፁ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ትርጉሙ ነው። ‹ቀህዋ› የሚለው ቃል ቡና ሳይታወቅ በጥንታዊው የዐረብ ግጥም ውስጥ ለወይን ጠጅ ከተሰጡት ስሞች አንዱ ነበር፤ የዐረብ ሊቃውንትም የምግብ ፍላጎትን ከመቀነስ ጋር ያያይዙታል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት የሚያነቃቸውን መጠጥ በዚህ ነባር ስም ጠሩት። ከፍሬው የተፈላውም፣ ከገለባው የተፈላውም ‹ቀህዋ› ነበር። ማለትም ‹ቀህዋ› የዝግጅት ስም እንጂ የተክል ስም አልነበረም። ለፍሬው ዐረቦች ሌላ ቃል አላቸው፤ እርሱም ‹ቡን› ነው። ይህን ቃል ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ በካፊ ኖኖ ‹ቡኖ›፣ በአፋን ኦሮሞ ‹ቡነ›፣ በአማርኛ ‹ቡና›። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን ‹ካፋ› ብለው አይጠሩም። ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚያገናኘንን ቃል የሚፈልግ ሰው ‹ቡን›ን ትቶ ‹ካፌ›ን ማሳደዱ ያስገርመኛል።

ታዲያ ታሪኩ ለምን ሥር ሰደደ? ጅማ ለረጅም ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ስሙ የመላው አካባቢ ስም ነበር። በዚያ ላይ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን ‹አረቢካ› ብሎ መሰየሙ ቅሬታ ጥሏል፤ የተነጠቀ ስም በሌላ ስም ይካሳል የሚል ስሜት ያለ ይመስለኛል። ጽሕፈቱም ሳያግዝ አልቀረም። ቀድሞ ‹ከፋ› ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ይህ ‹መጥፎ ሆነ› ከሚለው ግሥ ጋር ስለሚጋጭ ዛሬ ብዙዎች ‹ካፋ›ን ይመርጣሉ፤ እኔም እንዲሁ። በዚህ ጽሕፈት ‹ካፋ› እና ‹ካፌ› የሚለዩት በአንዲት የፊደል ቅጥያ ብቻ ነው፤ ዓይን ደግሞ በቀላሉ ይታለላል። የፍየል እረኛው ካልዲ ተረትም ከዚሁ ጋር ይነሣል። የጎማው ጮጬና የካፋው ማኪራ የሚሻሙበት ይህ ተረት እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ፋውስቱስ ናይሮኑስ በላቲን ሲያሳትመው የእረኛው ስም አልነበረበትም፤ የሚናገረውም ስለ የመን ነበር። በዚህ አልቆይም።

የተክሉ ማስረጃ የማንም ቃል ድጋፍ አያሻውም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑካን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በእነዚህ ደኖች ተዘዋውረው ዘር ሰብስበዋል፤ እዚህ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል የሚጠብቃቸው ዝርያዎችም አሉ። የአረቢካ ብዝኃነት ማዕከል የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን መሆናቸው በሥነ ሕይወት የተረጋገጠ ነገር ነው። ጠንካራውን ማስረጃ ከደካማው ጋር አንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ተማሪ፣ አንባቢው ደካማውን ያገኘ ዕለት ጠንካራውንም እንዲጠራጠር ያደርጋል።

አሁን ወደ ሰሌዳዎቻችን ልመለስ፤ ለእኔ ከአመጣጡ ይልቅ የሚጥመኝ ይህ ነው። አማርኛ ‹ቡና› እና ‹ቤት› እያለው ‹ካፌ›ን ለምን ፈለገ? ምክንያቱም ‹ቡና ቤት› ቀድሞ ተይዟል። ቡና ቤት ስንል ቢራ የሚጠጣበት፣ ሙዚቃ የሚደመጥበት፣ ከጓሮው አልጋ የሚከራይበት ቤት ማለታችን ነው። ‹ቡና ቤት ትሠራለች› የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ አንዲት ሴት ሲነገር ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። ‹ሻይ ቤት› ቡናም ይሸጣል፤ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ ከጓደኞቿ ጋር በቀን ብርሃን ተቀምጣ የምታጠናበት፣ ማንም ቀና ብሎ የማይጠይቃት ቤት ስም አልነበረውም። ‹ካፌ› ያንን ክፍት ቦታ ሞላ። እንግሊዝኛ ያደረገውን አማርኛም ደገመው፤ መጠጡን በገዛ ስሙ ትቶ ቤቱን ብቻ ተበደረ።

ቃሉ የገባልን ከፈረንሳይኛ ነው ወይስ ከጣልያንኛ? የጣልያንኛው ‹ፍ› ጠብቆ ይነገራል፤ የእኛው ላልቶ ነው። ይህ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ‹ለገሃር›ን እንዳመጣልን እናስታውስ። ጠረጴዛው ግን የብዙ አገር ነው፦ ሰሌዳው ፈረንሳይኛ፣ ማኪያቶው ጣልያንኛ፣ ኬኩ እንግሊዝኛ፣ ‹ሲኒ› ደግሞ ከዐረብኛ፣ ትርጉሙም ‹የቻይና› ማለት ነው። ከደጃፉ በረከቦት ዙሪያ ዱካ ላይ የሚጠጣው ግን ዛሬም ‹ጀበና ቡና› ይባላል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ‹አንድ ካፌ ስጠኝ› የሚል የለም።

ከዚህ አካባቢ በእርግጥ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ስም ለሚፈልግም አንድ አለ፦ ‹ጅማ› ራሱ። በፀሐይ የደረቀው የዚህ ቀጠና ጀንፈል ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮ፣ በጆንያ ላይ ‹ጅማ 5› ተብሎ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ኖሯል። ከካፋና ከኢሉባቦር ደኖች የተለቀመውም አብሮ በዚሁ ስም ተሽጧል። የካፋ ስም ‹ካፌ›ን ወለደ ብለን ስንከራከር፣ የካፋ ገበሬ ፍሬ ግን በጅማ ስም ባሕር ይሻገር ነበር። የስም ባለቤትነት በቡና ንግድ ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር በመሆኑ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ይህን እንድታዩት እመክራለሁ፤ የሥነ ቃልም፣ የታሪክም፣ የሕግም ተማሪ ድርሻ አለው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።