ስሙ ማን ነበር?

 

ሎስ አንጀለስ እንደመጣሁ ቀን መኪና እያቆምኩ፣ ማታ ኮሌጅ እማር ነበር። የፈለግኩት የሂሳብ ክፍል ሞልቶ ጠበቀኝና ወንበር በተረፈበት በቺካኖ ታሪክ ተመዘገብኩ። ቺካኖ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን መናቂያቸው የነበረውን ስም መኩሪያ እንዳደረጉት እዚያ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል የሜክሲኮና የአሜሪካ ድንበር ሲገፋ፣ ብዙ ሜክሲካውያን ከቤታቸው ሳይነቃነቁ አገር ተቀየረባቸው። በማርች 1968 ደግሞ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተማሪዎች፣ የሊንከን ሃይስኩሉ መምህር ሳል ካስትሮ እየደገፏቸው፣ በሺዎች ሆነው ከክፍል ወጡ። ታሪካችንን አስተምሩን፣ ስፓኒሽ ስለተናገርን አትቅጡን አሉ።

አንድ ማታ አስተማሪያችን «በቋንቋው የተነሳ ትምህርት ቤት የተቀጣ እጁን ያውጣ» አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። አንዲት አያቴን የሚያህሉ ተማሪ መዳፋቸውን ዘርግተው ማስመሪያ ያረፈበትን ቦታ አሳዩን። እኔ ተዝናንቼ ተቀምጫለሁ። አፌን የፈታሁት በአማርኛ፤ ማን ይቀጣኛል?

«ሌላው ሲቀጣ ያያችሁስ?» አሉ።

አገር ቤት ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከገጠር የመጣ ኦሮሞ ልጅ ነበር። መምህራችን ስሙ አልጥም ቢላቸው መዝገቡ ላይ የአማርኛ ስም ጻፉለት። በማግስቱ በአዲሱ ስም ቢጠራ ዝም አለ፤ ስሙ መሆኑን በምን ይወቅ? ተገረፈ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከፊት ወንበር ሆኜ አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ እንደ ቺካኖ ታሪክ ያለ የብሔረሰቦች ጥናት ለጉራ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። እኔ የሌላውን ታሪክ ልሰማ ገብቼ የራሴን ጥፋት ይዤ ወጣሁ። አሪዞና ቱሳን ውስጥ ይኸው ዓይነት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2012 በሕግ ክልከላ ተዘጋ፤ በ2017 አንድ ዳኛ ክልከላው ከዘር ጥላቻ የመነጨ ነው ብለው ፈረዱ። ትምህርት እንዲህ የሚያስፈራቸው ሰዎች መኖራቸውን እወቁ።

አሁን ቁጣዬ ወደ እናንተ፣ ወደ ተመራቂ ልጆቼ ነው። ቡና ስታዝዙ የውሸት ስም ትሰጣላችሁ! ትዕግሥት «ቲጂ»፣ ዳግማዊ «ዳግ»። ዳግ! አባትህ ለዚህ ነው ስም ያወጣልህ? ምረቃችሁ ላይ ስማችሁ ተሰባብሮ ሲጠራ ፈገግ ብላችሁ አለፋችሁ። አርሙ እንጂ! በትሕትና አርሙ፤ የሰውንም ስም ጠይቃችሁ አጥርታችሁ ጥሩ።

ያን ልጅ ሁሌ አስበዋለሁ። መምህሩ የሰጡትን ስም አልረሳሁም። እናቱ ያወጣችለትን ግን ዓመቱን ሙሉ አብረን ስንማር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።

በሉ፣ እንጀራው ሳይደርቅ ወደ ማዕዱ። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ስሙን ከነትርጉሙ ሳትጠይቁ ግን እንዳትነሱ።